ያረጀ የጋዝ ቦይለር ሲያስቸግር፦ ምርመራውን ከየት መጀመር ይሻላል?

ውሃ አሙቆ ወደ ክፍሎቹ ማሞቂያዎች (ራዲያተሮች)ና ወደ ቧንቧ የሚልክ፣ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ያገለገለ የቤት ቦይለር አንድ ማለዳ ቀዝቅዞ ሲገኝ የሰው ጥርጣሬ ሁሉ ወደ እሳቱ ይሄዳል። ማቃጠያው ተበላሽቷል፣ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው ተቃጥሏል ይባልና ውድ መለዋወጫ ይታዘዛል። መለዋወጫው ይገጠማል፤ ቤቱ ግን እንደቀዘቀዘ ይቆያል። ባረጀ ቦይለር ላይ በብዛት የሚያጋጥመው ብልሽት ከእሳቱ ሳይሆን ከውሃው የሚነሣ ነው፦ ግፊት ይወርዳል፣ አየር ይገባል፣ አተላ ይዘቅጣል፣ ፓምፕ ነክሶ መዞር ያቆማል።

ለባለቤቱ ይህ የምሥራች ነው። የውሃው ወገን በእጅ የሚዳሰስ፣ በዓይን የሚታይ ስለሆነ ትዕግሥት ያለው ሰው ብዙውን ራሱ ይጨርሰዋል። የጋዙ ወገን ግን ሌላ ነው። የጋዝ ቫልቭ መፍታት፣ የማቃጠያ ክፍሉን መክፈት፣ የጭስ ማውጫውን መነቃቀል ፈቃድ ያለው የጋዝ ባለሙያ ሥራ ነው፤ በብዙ አገሮች ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። ይህ መመሪያ ያንን ድንበር አያልፍም።

ከመነካካት በፊት

ጋዝ ከሸተተ ምርመራ የሚባል ነገር የለም። መብራት አያብሩ፣ የበራውንም አያጥፉ፤ ከማብሪያው የምትወጣው ትንሽ ብልጭታ ለአደጋ ትበቃለች። በርና መስኮት ይክፈቱ፣ ዋናውን የጋዝ መዝጊያ ይዝጉ፣ ቤተሰቡን ይዘው ይውጡ፤ ስልክም የሚደውሉት ውጭ ሆነው ነው። በቧንቧ የሚመጣው የተፈጥሮ ጋዝ ከአየር ስለሚቀልል ወደ ጣሪያ ይወጣል። የሲሊንደር ጋዝ ግን ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ላይና ምድር ቤት ውስጥ ተኝቶ ስለሚቆይ ሽታው ቀነሰ ብሎ ቶሎ መመለስ አይገባም።

ጋዝ በደንብ ሳይነድ ሲቀር የሚፈጠረው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ከዚህም ይብሳል፤ አይሸትም፣ አይታይም። ቤት ውስጥ ሲሆኑ የሚጀምርና ውጭ ሲወጡ የሚለቅ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ በተለይ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚሰማው ከሆነ፣ ቦይለሩ መጠርጠር አለበት። ሰማያዊ መሆን የሚገባው ነበልባል ቢጫ ሆኖ ሲውለበለብ ከታየ፣ በቦይለሩ ሽፋን ወይም በጭስ ማውጫው ዙሪያ ጥላሸት ከተገኘም እንዲሁ። ያን ጊዜ ቦይለሩን አጥፍቶ፣ ቤቱን አናፍሶ መውጣት፣ የታመመ ሰው ካለ ወደ ሕክምና መውሰድ ይቀድማል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ በሌለበት ቤት ያረጀ ቦይለር ማሠራት ልክ አይመስለኝም።

ለሥራው ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም፦ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ የሚስተካከል ቁልፍ፣ የራዲያተር ማስተንፈሻ ቁልፍ፣ ባልዲ፣ ጨርቅ፣ የእጅ ባትሪ፣ የመኪና ጎማ ግፊት መለኪያና የእጅ ፓምፕ። የቦይለሩ መመሪያ መጽሐፍ ከጠፋ የሞዴሉን ስም ከሽፋኑ ላይ አንብበው ከአምራቹ ድረ ገጽ ያውርዱት። በቦይለሩ መስኮት (ማሳያ) ላይ የሚወጣው የብልሽት ቁጥር ትርጉም ከአምራች አምራች ስለሚለያይ በግምት አይነበብም።

መጀመሪያ አነሣሡን ያዳምጡ

ካቻቢቴ ከማንሣትዎ በፊት ቦይለሩ ፊት ቆመው አንድ ሙሉ አነሣሥ ያዳምጡ። የክፍሉን ቴርሞስታት (የሙቀት መቆጣጠሪያ) ከፍ ያድርጉትና ዝም ብለው ይጠብቁ። ማራገቢያ ያለው ቦይለር ሁልጊዜ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ይነሣል። የሙቀት ጥያቄ ይደርሰዋል፤ ፓምፑ ቀስ ብሎ ያጉረመርማል፤ ማራገቢያው መዞር ይጀምራል፤ ከዚያ ጠቅ ጠቅ የሚል የብልጭታ ድምፅ ይሰማል፤ የጋዝ ቫልቩ ይከፈታል፤ እሳቱ ዉፍ ብሎ ይያያዛል፤ ከነበልባሉ አጠገብ ያለችው የብረት ዘንግ እሳት መኖሩን ታረጋግጣለች፤ ቦይለሩም ይረጋጋል። በአንዳንድ ሞዴል ፓምፑና ማራገቢያው ቦታ ይለዋወጡ ይሆናል እንጂ ነገሩ ይኸው ነው። አንዱ ደረጃ ሳይሳካ ቀጣዩ አይመጣም፤ ስለዚህ ቦይለሩ የቆመበት ቦታ የበሽታውን ስፍራ ይናገራል።

ምንም ድምፅ ከሌለ፣ መስኮቱም ከጨለመ፣ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው፦ ብሬከሩን፣ የቦይለሩን ማብሪያ፣ ፊውዙን ይመልከቱ። ፊውዝ ቀይረው ወዲያው ከተቃጠለ ሁለተኛ አይሞክሩ፤ ውስጥ የተገናኘ ሽቦ ወይም ውሃ የነካው ክፍል አለ ማለት ነው።

መስኮቱ በርቶ ቦይለሩ ዝም ካለ ጥያቄው አልደረሰውም። የቴርሞስታቱ ባትሪ አልቆ፣ ወይም መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ የሰዓት ማዘዣው ተዛብቶ ይሆናል። ለሁለት ባትሪ ሲባል ባለሙያ የተጠራበት ቤት ጥቂት አይደለም።

ማራገቢያው እየዞረ ብልጭታው ካልመጣ ቦይለሩ አየር በትክክል መውጣት መግባቱን አላመነም። የጭስ ማውጫውን ጫፍ ከውጭ ይዩት፤ የወፍ ጎጆ፣ ቅጠል፣ በረዶ ወይም ለሌላ ሥራ የተሸፈነ ላስቲክ ዘግቶት ይገኛል። ጫፉ ንጹሕ ከሆነ ቀሪው የባለሙያ ነው።

ብልጭታው እየጠቀጠቀ እሳት ካልያዘ ጋዝ አልደረሰም። የማብሰያ ምድጃውን ለኩሰው ይፈትኑ፤ እሱም ካልበራ ችግሩ ከቦይለሩ በፊት ነው። መዝጊያው ተዘግቷል፣ ሲሊንደሩ አልቋል፣ ወይም በቅድመ ክፍያ የሚሠራው ቆጣሪ ሒሳቡ አልቋል።

እሳቱ ተያይዞ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከጠፋ ነበልባሉን የምትመረምረው ዘንግ ቆሽሻለች ወይም የመሬት ሽቦዋ ላልቷል፤ ይህ የማቃጠያ ክፍል ሥራ ስለሆነ ለባለሙያ ይተዉት። ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ከቆመ ግን የተያዘው ሙቀት የሚወስደው አጥቷል፤ ውሃው አይዘዋወርም ማለት ነው፤ ወደ ግፊት፣ አየርና ፓምፕ ይሂዱ።

ዳግም ማስነሻውን ቁልፍ አንድ ጊዜ ይጫኑ፤ ቢበዛ ሁለት። ቦይለሩ ራሱን የዘጋው በምክንያት ነው። ደጋግሞ እየተጫኑ ማስገደድ ምክንያቱን ከመደበቅ ያለፈ ጥቅም የለውም። ሰሌዳውን ‹እስቲ እንቀይረው› ማለትም የሰነፍ ምርመራ ነው፤ ሰሌዳ የሚጠረጠረው ሌላው ሁሉ ነጻ ከወጣ በኋላ ነው።

ግፊት፦ ያረጀ ቦይለር ዋና ጣጣ

በዝግ ሥርዓት የሚሠራ፣ ማለትም ውሃው ታሽጎ የሚዘዋወርበት ቦይለር ሲቀዘቅዝ የግፊት መለኪያው ከ1 እስከ 1.5 ባር ማሳየት አለበት። ከ0.5 አካባቢ በታች ሲወርድ ብዙዎቹ ቦይለሮች አንነሣም ይላሉ። ውሃ መሙላት ቀላል ነው፦

1. ቦይለሩን አጥፍተው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። በጋለ ሙቀት መለዋወጫ (የእሳቱን ሙቀት ወደ ውሃው በሚያስተላልፈው ክፍል) ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መልቀቅ ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።
2. ከቦይለሩ ሥር ያለውን የመሙያ ቱቦ ያግኙ። ብዙውን ጊዜ የተሸመነ ብረት የለበሰ አጭር ቱቦ ሆኖ በአንዱ ወይም በሁለቱ ጫፍ መዝጊያ አለው።
3. መዝጊያውን በዝግታ ይክፈቱ፤ ዓይንዎን ከመለኪያው አያንሱ። መርፌው 1.2 ሲደርስ ይዝጉ።
4. ሁለቱም መዝጊያ መዘጋቱን በእጅዎ ያረጋግጡ። መዝጊያው ትንሽ እንኳ ክፍት ከቀረ ግፊቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲጨምር ያድራል።

ይህን በዓመት አንዴ ማድረግ የተለመደ ነው። በየሳምንቱ ከሆነ ግን ውሃው የሚሄድበት ቦታ አለ፤ እየሞሉ መኖር መፍትሔ አይደለም። አዲስ ውሃ በገባ ቁጥር አዲስ ኦክስጅንና አዲስ ኖራ ይዞ ይገባል፤ ራዲያተሩን ከውስጥ የሚያዝገው ኦክስጅኑ ነው። በራዲያተር መዝጊያዎች አንገት ላይ አረንጓዴ ወይም ነጭ ቅርፊት ይፈልጉ፤ ወለሉ ከደረቀ በኋላ የቀረ የፍሳሽ አሻራ ነው። ከዚያ ውጭ ወጥተው ግፊት ሲበዛ ውሃ የሚለቀውን፣ ከግድግዳው የሚወጣውን ቀጭን የማስተንፈሻ ቧንቧ ይመልከቱ፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ላስቲክ አስረው ቢያድሩ ጠዋት ውሃ ካገኙበት መንገዱ ታውቋል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ቀዝቃዛ እያለ 1.2 የነበረው መርፌ ቦይለሩ ሲግል እየወጣ እየወጣ 3 ባር ይጠጋል፤ የማስተንፈሻ ቫልቩ 3 ባር ላይ ስለሚከፈት ውጭ ያለው ቧንቧ ውሃ ይረጫል፤ ቦይለሩ ሲበርድ መርፌው 0.3 ላይ ወድቆ ይገኛል። ይህን ያየ ሰው ፍሳሽ አለ ብሎ ወለል ሊያስቆፍር ይነሣል። ወለሉ ጥፋት የለበትም፤ የማስፋፊያ ታንኩ አየሩን ጨርሷል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ውሃ ከቀዝቃዛነት ወደ 80 ዲግሪ ሲሞቅ በመጠኑ ወደ 3 በመቶ ይጨምራል፤ 100 ሊትር በሚይዝ ሥርዓት 3 ሊትር ያህል ትርፍ ውሃ ቦታ ይፈልጋል ማለት ነው። ያንን ቦታ የሚሰጠው የማስፋፊያ ታንኩ ነው፤ በመካከሉ የጎማ ሽፋን አለ፣ በአንድ ወገን ውሃ፣ በሌላው የታመቀ አየር። አየሩ ከዓመት ዓመት እየሾለከ ሲያልቅ ውሃው የሚሰፋበት ስፍራ ያጣል። የታንኩ አየር መሙያ ቫልቭ የቦይለሩ ሽፋን ሳይከፈት የሚደረስበት ከሆነ እንዲህ ይሙሉት፤ ለመድረስ የታሸገ ሽፋን መፍታት የሚጠይቅ ከሆነ ግን ባለሙያ ይጥሩ፣ በብዙ ቦይለሮች ሽፋኑ ራሱ የጭሱ መከላከያ አካል ነውና።

1. ቦይለሩን ከኤሌክትሪክ ያላቅቁና ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ይተዉት።
2. ከቦይለሩ ሥር ያሉትን የማሞቂያ መውጫና መመለሻ መዝጊያዎች ይዝጉ። በማፍሰሻው በኩል ውሃውን ወደ ባልዲ ያፍስሱ፤ መለኪያው ዜሮ ይድረስ። ማፍሰሻውን አይዝጉት። ግፊት ባለበት ሥርዓት የታንክ አየር መለካት ዋጋ የለውም፤ የሚለኩት የውሃውን ግፊት ነው።
3. የታንኩን ቫልቭ ክዳን ይፍቱ፤ ከመኪና ጎማ ቫልቭ ጋር አንድ ዓይነት ነው። መሀሉ ላይ ያለችውን መርፌ ለአፍታ ይጫኑ። አየር ከወጣ ወይም ምንም ካልወጣ ይቀጥሉ። ውሃ ከወጣ የጎማ ሽፋኑ ተቀድዷል፤ ታንኩ ይቀየራል እንጂ አይሞላም።
4. በእጅ ፓምፕ በታንኩ ላይ የተጻፈውን ግፊት ያህል ይሙሉ፤ በብዙ የቤት ቦይለሮች ከ0.75 እስከ 1 ባር ነው። አየሩ ሲገባ ከማፍሰሻው ውሃ መውጣቱ ደግ ምልክት ነው፤ የጎማ ሽፋኑ ወደ ቦታው እየተመለሰ ነው።
5. ማፍሰሻውን ይዝጉ፣ መዝጊያዎቹን ይክፈቱ፣ ሥርዓቱን 1.2 ባር ድረስ ይሙሉ፣ ቦይለሩን አስነሥተው እስኪግል ይጠብቁ።

ታንኩ ካገገመ መርፌው በሙቀት ከ2 ባር ብዙም አያልፍም። ግፊቱ ተስተካክሎም ውጭ ያለው ቧንቧ ማንጠባጠቡን ካላቆመ የማስተንፈሻ ቫልቩ መቀመጫ ላይ ቆሻሻ ገብቷል፤ ደጋግሞ የተከፈተ ቫልቭ እንደ ቀድሞው አይዘጋም። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ይቀየር። ቧንቧውን መድፈን ግን ፈጽሞ አይሞከርም።

ራዲያተሮች

ከላይ ቀዝቅዞ ከታች የሞቀ ራዲያተር አየር ይዟል፤ ከታች ቀዝቅዞ ከላይ የሞቀ አተላ ይዟል። አየሩን ለማስወጣት ማሞቂያውን አጥፍተው ከቀዘቀዘ በኋላ ቁልፉን ግማሽ ዙር ያህል ያላሉ፣ ጨርቅ ከሥሩ ይያዙ፣ ፉጨቱ አልቆ ውሃ ሲመጣ ይዝጉ። ከምድር ቤት ጀምረው ወደ ላይ ይውጡ፣ ሲጨርሱ ግፊቱን መልሰው ያስተካክሉ።

ያው ራዲያተር በየወሩ ማስተንፈስ የሚጠይቅ ከሆነ ከውጭ የገባ አየር ላይሆን ይችላል። ብረት ከውስጥ ሲዝግ ሃይድሮጂን ይፈጠራል፤ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሆነ ሲያስተነፍሱ ሲጋራም ሆነ ሻማ አጠገብ አይኑር። አብሮት የሚወጣው ውሃ እንደ ቀለም የጠቆረ ከሆነ ነገሩ ተረጋግጧል፤ ጥቁሩ ነገር በማግኔት የሚሳብ የብረት ዝገት ነው። መድኃኒቱ ሥርዓቱን በማጽጃ ኬሚካል አጥቦ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማለቅለቅ፣ ከዚያ ዝገት መከላከያ መጨመርና በመመለሻው ቧንቧ ላይ ማግኔት ያለው ማጣሪያ ማስገጠም ነው።

አንድ ራዲያተር ብቻ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ የቴርሞስታት መዝጊያውን ራስ ይፍቱት። ከሥሩ ትንሽ የብረት ዘንግ አለች፤ ተጭነው ሲለቋት መመለስ አለባት። ተጣብቃ ከቀረች ጎኗን በቀስታ እየመቱ፣ ትንሽ ዘይት እየነኩ ያነቃንቋት። በፒንሳ ስቦ ማውጣት አያዋጣም፤ ከወጣች ውሃው ይከተላል።

ፓምፕ

በጋውን ሙሉ ቆሞ የከረመ ፓምፕ ክረምት ሲገባ ነክሶ መገኘቱ የተለመደ ነው። በሰውነቱ ላይ እጅዎን ሲያሳርፉ ይግላል፣ ያጉረመርማል፣ ግን ንዝረት የለውም። በቆየ ፓምፕ ፊት መሀሉ ላይ ሰፊ ብሎን አለ። ኤሌክትሪኩን ያጥፉ፣ ጨርቅ ያንጥፉ፣ ብሎኑን ይፍቱ፤ ጥቂት ውሃ መንጠባጠቡ አያስደንግጥዎ። ከውስጥ የሚታየው የዘንጉ ጫፍ ሰንጥቅ አለው፤ ካቻቢቴውን አስገብተው ወዲያና ወዲህ ያዙሩት። መጀመሪያ ይከብዳል፣ ከዚያ በድንገት ይለቃል። ብሎኑን መልሰው ያጥብቁና ይሞክሩ። በሳምንቱ ተመልሶ ከነከሰ ዘመኑን ጨርሷል። ይህ እንዳይደርስ በበጋም በወር አንድ ቀን ማሞቂያውን ለአሥር ደቂቃ ያህል ማስነሣት ይበቃል።

የቧንቧ ውሃው ለብ ብሎ ሲቀር

ብልሽት ነው ከማለትዎ በፊት ሒሳቡን ያስሉ። 24 ኪሎዋት ያለው ቦይለር ውሃን በ35 ዲግሪ ከፍ ሲያደርግ በደቂቃ 10 ሊትር ያህል ብቻ ያፈልቃል። ባልዲ ይደቅኑና አንድ ደቂቃ ይለኩ፤ 15 ሊትር ከወጣ ቦይለሩ ጤነኛ ነው፣ ቧንቧው ከአቅሙ በላይ እየለቀቀ ነው። መዝጊያውን መለስ ያድርጉት። በተቃራኒው ቧንቧውን በጣም አጥብበው ከከፈቱት ቦይለሩ የውሃውን መንቀሳቀስ ስለማያውቅ አይነሣም።

ፍሰቱ ልክ ሆኖ ውሃው ካልሞቀ ሙቀቱን ወደ ራዲያተር ወይም ወደ ሙቅ ውሃ የሚመራውን አቅጣጫ ቀያሪ ቫልቭ ይጠርጥሩ። የክፍል ማሞቂያውን አጥፍተው የሙቅ ውሃ ቧንቧ ብቻ ይክፈቱ፤ ጥቂት ቆይተው ወደ ራዲያተር የሚሄደውን ቧንቧ ይንኩ፣ ሊያቃጥል ስለሚችል በጥንቃቄ። እየጋለ ከመጣ ቫልቩ ግማሽ መንገድ ላይ ተጣብቆ ሙቀቱን ለሁለት እየከፈለ ነው።

ቫልቩ ደህና ከሆነ ኖራ ነው። ኖራማ ውሃ ባለበት አካባቢ ሙቀት መለዋወጫው ከውስጥ ነጭ ቅርፊት ይለብሳል፤ ውሃው መጀመሪያ ይሞቃል፣ ከዚያ ይቀዘቅዛል፣ መልሶ ይሞቃል። ከቦይለሩ ውስጥ የሚያንኳኳና የሚንተከተክ ድምፅ ከተሰማም ውሃው በጠበበ መተላለፊያ ውስጥ በየቦታው እየፈላ ነው፤ ይህን ኖራም አተላም ያመጣዋል። ማጽዳቱን ለባለሙያ ይስጡ፤ እስከዚያ የሙቅ ውሃውን መቆጣጠሪያ ወደ 50 ዲግሪ ዝቅ ያድርጉት፣ ኖራ ከ60 ዲግሪ በላይ በፍጥነት ይጋገራልና። የሙቅ ውሃ ማከማቻ ታንክ ያለበት ቤት ግን ይህን አያድርግ፤ በተከማቸ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሌጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ ይራባል፣ ታንኩ 60 ዲግሪ መያዝ አለበት።

ፓይለት ያላቸው የቆዩ ቦይለሮች

ሁልጊዜ የምትነድ ትንሽ ነበልባል ያላቸው ቦይለሮች ዋና ጣጣቸው አንድ ነው፦ ቁልፉን ተጭነው ሲለኩሷት ትበራለች፣ ሲለቁት ትጠፋለች። ነበልባሏ ውስጥ የተነከረች የመዳብ ጅራት ያላት ዘንግ አለች፤ ቴርሞኮፕል ትባላለች። ስትግል ጥቂት ሚሊቮልት፣ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30፣ ታመነጫለች፤ ጋዙን ከፍቶ የሚይዘው ይህ ኃይል ነው። ስለዚህ ቁልፉን ቶሎ አይልቀቁት፤ 30 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይቆዩ። አሁንም ከጠፋች በመመልከቻው መስኮት ይዩ። ነበልባሏ ሰማያዊ ሆና የዘንጉን ጫፍ ካቀፈች ቴርሞኮፕሉ አርጅቷል፤ ቀጥና ወይም ቢጫ ሆና ከዘንጉ ከራቀች ቀዳዳዋ በአቧራ ተደፍኗል። ሁለቱም ለባለሙያ አጭር ሥራ ናቸው። እንደገና ከመለኮስ በፊት አምስት ደቂቃ ያህል መጠበቅ ግዴታ ነው፤ ሳይነድ የወጣው ጋዝ ይበተን።

ብርድ ሲበረታ

ጭሱን አቀዝቅዞ ሙቀቱን የሚጠቀም ቦይለር በቀጭን የፕላስቲክ ቧንቧ ውሃ ያስወጣል። ይህ ቧንቧ ከቤት ውጭ በሚያልፍበት ቦታ ከዜሮ ዲግሪ በታች በሚወርድ ሌሊት በበረዶ ይደፈናል፤ ቦይለሩ ሊነሣ ሲል ጉርጉር ብሎ ይቆማል። ለብ ያለ ውሃ ቧንቧው ላይ ከጫፉ ወደ ቦይለሩ እያፈሰሱ ያቅልጡት፤ የፈላ ውሃ ፕላስቲኩን ይሰነጥቃል። ከዚያ አንድ ጊዜ ዳግም ማስነሻውን ይጫኑ። ቧንቧውን በሙቀት መከላከያ ስፖንጅ መሸፈን ከሚቀጥለው ሌሊት ያድናል።

ባለሙያ ሲጠሩ፣ ወይም ለመቀየር ሲያስቡ

‹ተበላሽቷል› ብቻ አይበሉት። የሞዴሉን ስም፣ በመስኮቱ የወጣውን ቁጥር፣ ሲቀዘቅዝና ሲግል መለኪያው ያሳየውን ግፊት፣ ከላይ በተዘረዘረው አነሣሥ የትኛው ደረጃ ላይ እንደቆመ ይንገሩት። ትክክለኛውን መለዋወጫ ይዞ ይመጣል፣ የምርመራ ሰዓትም ያተርፋል። ሥራውን ሲጨርስ የጭሱን ይዘት በመሣሪያ እንዲለካና ውጤቱን በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ።

ዋናው ሙቀት መለዋወጫ ከተሰነጠቀ፣ የጭስ ማውጫው ከበሰበሰ፣ ወይም የመለዋወጫ ዕቃው መመረቱ ካቆመ መጠገኑ አያዋጣም። ፓምፕ፣ ቫልቭ፣ ታንክ፣ ቴርሞስታት ግን በዕድሜ የሚያልቁ ዕቃዎች ናቸው፤ አንዱ ስላለቀ ብቻ ቦይለር አይጣልም። መቀየሩ ከተወሰነ አዲሱ ከመገጠሙ በፊት ራዲያተሮቹና ቧንቧዎቹ እንዲታጠቡ ውሉ ውስጥ ያስጽፉ፤ የአሮጌው አተላ በአዲሱ ቦይለር ጠባብ ሙቀት መለዋወጫ ውስጥ ለመቆለል አንድ ክረምት ይበቃዋል።